ከሕፃኑ ራስ በላይ ያለች መስቀል

ማክሰኞ። ከወለድኩ ሠላሳ ስድስተኛ ቀኔ

ዐሥራ አንዱን ፎቶ ለየሁ፤ ሃያ ሦስት ይቀራል። ከአባዬ የወረስነው የብስኩት ቆርቆሮ አልጋዬ ላይ ተዘርግፏል። ደብረ ብርሃን መዝገብ ቤት ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ስም የሌለው ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ልጄ በተኛ ቁጥር አንድ ፎቶ አነሣለሁ፣ ከኋላው ስም እጽፋለሁ። ምን ላድርግ? የመጀመሪያ ልጄ ነውና ልወልድ መሐል ሜዳ እናቴ ቤት መጥቼ፣ ይኸው ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጫለሁ። ስልኬንም እማዬ «ለአራስ አይበጅም» ብላ ወስዳብኛለች።

አባዬ ሰው በሞተ ቁጥር ፎቶውን አውጥቶ ከሟቹ ራስ በላይ በብዕር ትንሽ መስቀል ያደርግ ነበር። የአያቴ ራስ ላይ አለ። የአጎቴም። የአባዬ የራሱም ራስ ላይ አለ። እሱን ማን አደረገለት?

አንዱ ግን አስቸገረኝ። አባዬ አገር ቀየት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የተነሡት ነው። መሐል ላይ የማላውቀው ሰውዬ ነጭ የለበሰ ሕፃን ታቅፏል። ሰውዬው ላይ ምንም የለም። ሕፃኑ ላይ መስቀል አለ።

እማዬ የወለደችው ሁለት ነው፤ እኔንና ታናሼን ሽመልስን። ታዲያ ይሄ የማን ልጅ ነው የሞተው? ሳላስበው እጄን ልጄ ደረት ላይ አሳረፍኩ። ይተነፍሳል።

ረቡዕ። ሠላሳ ሰባት

የአባዬ እህት እትዬ ዘነበች ከቀየት መጡ። ደስ አለኝ፤ እሳቸው የማያውቁት ሰው የለም። ስምንት ሰው ባንድ ጊዜ ለዩልኝ። ደብዝዞ ከጠፋ ፎቶ ጥግ የቆመችውን በቅሎ እንኳ የማን እንደሆነች ነገሩኝ።

ያንን የሕፃኑን ፎቶ ስሰጣቸው አንዴ አዩት። ከዚያ ገልብጠው አስቀመጡት።

«የጎረቤት ልጅ ነው። በኩፍኝ ሄደ።»

«የታቀፈውስ ሰውዬ?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

በቅሎዋን ያየ ዓይን! ልስቅ ነበር፣ ፊታቸውን ሳየው ተውኩት። ሽመልስ እስካሁን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለማለቱን ነግሬ አማረርኩ። የጭነት መኪና ሾፌር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አንድ ቀን መደወል እንዴት ያቅተዋል? «መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። እማዬም ባሌም የሚሉኝ ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ሳይቀር አንድ ነው። እትዬ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። ልጁንም አልመረቁትም።

ሐሙስ። ሠላሳ ስምንት

ያ ፎቶ ወፍራም የነበረው ለካ ከጀርባው ሌላ ፎቶ ተጣብቆበት ነው። በሙቅ ውሃ እንፋሎት ቀስ ብዬ አላቀቅሁት። የአባዬ ጽሑፍ ወጣ፤ «ሽመልስ ክርስትና የተነሣ ዕለት።»

ሦስቴ አነበብኩት።

ሰውዬው የክርስትና አባቱ መሆን አለበት። ሕፃኑ ወንድሜ ነው።

የሌሎቹ መስቀሎች ቀለም ቡናማ ሆኗል። የዚህ ሰማያዊ ነው፣ ያብረቀርቃል። ጣቴን በምራቄ አርሼ ነካሁት፤ ለቀቀ።

እማዬ ገንፎ ይዛ ስትገባ ፎቶውን ከለበስኩት የሱፍ ባና ሥር ደበቅሁና «እነዚህን መስቀሎች የሚያደርገው ማን ነው?» አልኳት።

«አባትሽ ነዋ፣ ማን ሊሆን ነው?»

አባዬ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ገንፎውን ሳልጨርስ መለስኩት። ፈርቻለሁ።

ዓርብ። ሠላሳ ዘጠኝ

ጠዋት ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ማታ የመለስኩት ፎቶ አለ። መስቀሉ የለም። በምላጭ ተፍቋል፤ ከሕፃኑ ራስ በላይ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል።

ለምን ተፋቀ? የጎረቤት ልጅ ቢሆን ማን ይፍቅለት ነበር?

ረፋዱ ላይ እማዬ የተኛሁ መስሏት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ፈታች። እኔ በመስኮት አየሁ። ጠጉሯ የለም። ተላጭታ ገና ማቆጥቆጡ ነው። ቤት ውስጥ ሻሿን አውልቃ አለማወቋ ያን ጊዜ ገባኝ።

ተመልሼ ተኛሁ። ማልቀስ አቃተኝ። ልጄ እየጠባ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ እሱም የሚያውቅ መሰለኝ።

ቅዳሜ። አርባ

ልጄ ክርስትና ተነሣ። ሰው ሁሉ እኔን ሲስም ቶሎ አይለቀኝም። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። የእማዬ እልልታ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ ማንም ዞሮ አላያትም።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲወጣ በሩን ዘጋሁ።

«እማዬ፣ ሽመልስን የት ቀበራችሁት?»

የቆመችበት ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ልወልድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ መኪናው ገደል ገብቶ ነው። ቀየት ተቀበረ። ያኔ «እህል ሲሰበሰብ ልድረስ» ብላ ሄዳ ድምፅዋ ተዘግቶ ስትመለስ ብርድ መታኝ ብላኝ ነበር፤ እኔም ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋት።

«ስትሰማ ወተቷ ይደርቃል፣ ክርስትናው እስኪያልፍ ትንፍሽ እንዳትዪ ብለው ሽማግሌዎቹ አስማሉኝ። አንድ ቀን አልቅሼ መጣሁ። ከዚያ ወዲያ የት ላልቅስ? ላባትሽ ያደረግሁትን መስቀል ለሱም አደረግሁለት። ቆርቆሮውን አምጪ ስትዪኝ መስቀሉን ረሳሁት፣ ስትጠይቂኝ ፋቅሁት፣ አፈር ልብላ።»

«ለምን የሕፃንነቱ ላይ?»

«ካደገ ወዲያ የተነሣው ሁሉ ስልክ ውስጥ ነው። ወረቀት ላይ ያለኝ ይኸው ብቻ ነው።»

የጎረቤት ጆሮ እንዳይሰማ ሁለታችንም ባና ውስጥ ተሸፍነን አለቀስን። እንዲህ አልቅሼ አላውቅም፤ ባናውን ነክሼ ጥርሴ ሱፍ በሱፍ ሆነ። ስንጨርስ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መርዶ ሊነግሩሽ ይመጣሉ። እንዳልሰማሽ ሁኚልኝ። መሐላዋን አፈረሰች እንዳይሉኝ።»

እሺ አልኳት።

እሑድ

ሊነጋ ነው። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች መስላለች፤ ዓይኗ ግን ክፍት ነው። ልጄ ጠብቶ ተኝቷል።

ለመጮህ አፌን ሁለቴ ከፍቼ ሞከርኩ። ድንጋጤ እንዴት ነው የሚጀምረው? ትናንት ስሰማ መጀመሪያ ያደረግሁት ምን እንደነበር አላስታውስም። ደርቄ ብቀር በወንድሟ አልጨከነችም ወይ ይላሉ፤ ቶሎ ብጮህ እማዬ ትያዛለች።

ውሻው ጮኸ። ብዙ እግር ግቢ ገብቶ ቆሟል። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

በሩ ተንኳኳ።