ሁሉም አልፎ ነበር

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ለተናደድኩብህ ልጄ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ አልጀምርም፤ እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ያመዋል፣ እህትህ ፈተና ላይ ናት። ይኸው ሰላምታው አለቀ። ወደ ነገሬ ልግባ፤ ነገር በሆዴ ሲያድር እንደማያስተኛኝ ታውቃለህ።

አብረን ስንሠራ ያንተም አለቃ ለነበረው ለአለቃችን የጻፍክለትን መልእክት አነበብኩት። "እኔ ከዚያ ስወጣ ቴስቶቹ ሁሉ አልፈው ነበር" ነው ያልከው። የፕሮግራሙ መፈተኛዎች አለፉ ብለህ ተሰናበትከው። ያቺ ወላድ እንዴት ሆነች ብለህ እንኳ አልጠየቅክም። ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

የሆስፒታሉ ደም ባንክ ትልቁ ፍሪጅ የዛሬ አሥር ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተበላሸ። ውስጡ ያለው የሙቀት መለኪያ ቀደም ብሎ ባትሪው አልቆ ዝም ብሏል። ፍሪጁ ሲሞቅ የነርሷን ስልክ እንዲያስጮህ የሠራነው የእኛ ፕሮግራም መለኪያው ዝም ሲለው ምን አደረገ? የመጨረሻውን ቁጥር፣ አራት ዲግሪን፣ እየደጋገመ አሳየ። አረንጓዴ መብራት። ሰኞ ጠዋት በምጥ ላይ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት መጣች። ነርሷ የደሙን ከረጢት ብታነሳው ለብ ብሏል። ሌላውም እንደዚያው። ሴትዮዋን በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይዘዋት በረሩ። ነፍሷ ተርፏል፤ ማህፀኗ ግን አልተረፈም። የመጀመሪያ ልጇ ነበር፤ ከእንግዲህ ሌላ አትወልድም።

ሄጄ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ነርሷ አልጮኸችብኝም። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝና፣ "እኔ እኮ ስልኬ ይጮኻል ብዬ ነው ፍሪጁን እየከፈትኩ ማየት የተውኩት። እናንተ ናችሁ አያስፈልግም ያላችሁኝ" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቢሮ ተመልሼ ቴስቶችህን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። መለኪያው አስመሳይ ነው፤ በእውነተኛው ቦታ ያቆምከው የውሸት ኮድ። መልእክት ላኪውም አስመሳይ። እሺ፣ ይሁን። ቁጥሮቹን የምናስቀምጥበት ዳታቤዝም አስመሳይ፣ ደወሉ ይጩህ አይጩህ ብሎ የሚወስነው የራሳችን ኮድ እንኳ አስመሳይ። ታዲያ ምኑን ነው የፈተንከው? ጥያቄውን አንተ አወጣህ፣ መልሱን አንተ ሰጠህ፣ አንተው አርመህ መቶ ከመቶ ሰጠኸው። የፈጠርከው መለኪያ ደግሞ እንደ ጨዋ ልጅ በተጠራ ቁጥር አቤት ይላል፤ ታሞ አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?

ያኔ ስንከራከር፣ "እማዬ፣ ቴስት ፈጣን መሆን አለበት፤ የእናንተ ዘመን አሠራር ቀረ" ብለህ ሰው ፊት አሳቅክብኝ። እኔም አስመሳዩን የምትጠሩበትን ስም ይዤ፣ ሞክ ማለት ሞከረ ሊል ጀምሮ የሰለቸው ሰው ቃል ነው ብዬህ ነበር። ተሳቀ፤ ያሸነፍከው ግን አንተ ነህ። ቴስቶችህ እስክንተነፍስ ያልቃሉ፣ አለቃችን ደግሞ ጥድፊያ ይወዳል።

አሁን ወስኛለሁ። አስመሳይ ሁሉ ይጥፋ አላልኩም፤ ንዴቴ ያን ያህል አላሳወረኝም። ቴስት በሮጠ ቁጥር ለነርሷ መልእክት አንልክም፣ እሱ አስመሳይ ይሁን። በየሰዓቱ ባትሪ መንቀል ስለማንችል ለመለኪያውም አስመሳይ ያስፈልገናል። ግን ዝም ይበል፣ ይዘግይ፣ ይዋሽ፤ እውነተኛው ሲታመም የሚያደርገውን ሁሉ ያድርግ። የራሳችን የሆነው፣ ዳታቤዙም ወሳኙ ኮድም፣ በእውነተኛው ይፈተን። ቀርፋፋ ቢሆንም ይሁን። ፕሮግራሙ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ ከእውነተኛ ፍሪጅ ጋር ይገናኝና አንድ ሰው ባትሪውን በእጁ ይንቀለው። ሐሙስ ዕለት እኔ ነቀልኩት። ደወሉ ጮኸ። እዚያው ፍሪጁ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ሁሉንም ለቡድኑ ልጆች አስረዳሁና አስረከብኳቸው።

አርብ አለቃችን ሰበሰበንና፣ "ለዚህ ተጠያቂው ማነው?" አለ። ያንተን መልእክት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

"ቡድኑን የምመራው እኔ ነኝ" አልኩት።

ለአንተ ብዬ አይደለም፤ እንዳትኮራ። አንዳችን እንኳ ቀና ብለን መናገር ስለነበረብን ነው።

ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለነርሷ ጻፍላት። ስለ ቴስት አንዲት ቃል እንዳታነሳ። ስለ ሴትዮዋ ጠይቃት፤ ከዚያ የምትልህን ሁሉ፣ ስድብም ቢሆን፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ገና አልበረደልኝም። ቢሆንም የወለድኩህ ነኝና፣ በሄድክበት የሰው ፍቅር አይለይህ፣ ክፉ አይይህ፣ እጅህ የሠራው አያሳፍርህ።

ስትደውል በቢሮው ስልክ አትደውል፤ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው። ቤት ደውል፤ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ቀን ቀንም አለሁ። አባትህ ካነሳው፣ ፈቃድ ወስዳለች ይልሃል። እሺ በለው፤ እውነቱን ገና አልነገርኩትም።

እናትህ