የሁሴን የፍሬን ሸራ

ኅዳር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ደሴ

ለመኪናዬ የፍሬን ሸራ ፍለጋ ፒያሳ ወጣሁ። አዲሱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጡት ሐጂ ይመር ሁለት አሮጌ ሸራ አወጡልኝ፤ አንዱ ሳስቷል፣ ሌላው ወፍራም ነው።

«ወፍራሙን ውሰድ ልጄ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ገደል ከገባው መኪና የተፈታ ነው፤ ወላሂ አልደብቅህም» አሉኝ።

የሾፌር ጓደኛዬ የሁሴን መኪና ነው፣ አሏህ ይዘንለትና። ለቅሶው ላይ ሁላችንም «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ስንል ከረምን። አገላብጬ አየሁት። ያን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ ከወረዱ ሸራው ይጠቁራል፣ ቃጠሎ ይሸታል። ይሄ ግን ንጹሕ ነው፤ ፍሬን የተረገጠበት አይመስልም። የፍሬን ዘይቱ ፈስሶ አልይዝ ብሎት ቢሆንስ እላለሁ፤ ልቤ አልቀበል አለኝ። ልጁን አፍሰው ለውትድርና ከወሰዱበት ወዲህ ሁሴን እንኳን ቀልዱ፣ ሰላምታውም ጠፍቶ ነበር።

ነገ ጭነት ይዤ ኮምቦልቻ መውረዴ ነው። በሳሳው አይሞከርም። ወፍራሙን ገዛሁ።

ስመለስ የሁሴን ሚስት ዘሐራ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ባየችኝ ቁጥር የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«አህመዴ፣ ፍሬኑ ነው አይደል እምቢ ያለው?»

«አዎ፣ ፍሬኑ ነው» አልኳት።

ሸራውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ብብቴ ስር ይዤው ነበር።