የመሬት አጠቃቀም ክፍል ኃላፊያችን የወይዘሮ ላዲ ሼክዎሎ ድንገተኛ ዕረፍት

በአቡጃ የቱንጋ ዛኪ ከተማ ፕላን ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ማኅበር፣ የመሬት አጠቃቀም ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ላዲ ሼክዎሎ ባለፈው ሰኞ ጠዋት በሥራ ገበታቸው ላይ ሳሉ በድንገት ታመው በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ማረፋቸውን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል።

ወይዘሮ ላዲ የተወለዱት ዛሬ የባቡር ጣቢያው በቆመበት መንደር፣ ከአካባቢው ነባር ሕዝብ ከግባጊ ገበሬዎች ቤተሰብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በጣቢያው ዙሪያ ያለው መሬት በሙሉ ለመኪና ማቆሚያና ለቢሮ ሕንፃ ሊመደብ ሲል፣ ሦስት ሳምንት መንገድ ዳር ቆመው ተሳፋሪውን ቆጠሩ። ከአሥሩ ሰባቱ በእግሩ የሚመጣ ነበር። ምደባውን ለሚወስነው ስብሰባም «ጌቶቼ፣ ባቡሩን ያመጣችሁት ለማን ነው? ለሚሳፈርበት ሰው ከሆነ ቤቱን አታርቁበት» አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀው ፕላን በጣቢያው አጠገብ ያለው፣ ያም የሚባለው ሥራ ሥር የሚሸጥበት ገበያ በቦታው እንዲቆይ አደረገ፤ ከጣቢያው በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥም አነስተኛ የኪራይ ቤቶች እንዲሠሩ ፈቀደ። በአውራ ጎዳናው ላይ የተሠራው የእግረኛ ድልድይም የእሳቸው ውትወታ ውጤት ነው።

ይህ ፕላን ዛሬ አደጋ ላይ ነው። ገበያውንና የኪራይ ቤቶቹን የሚሰርዝ የማሻሻያ ሐሳብ በመጪው ሐሙስ በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ በሚደረግ ስብሰባ ይታያል። ወይዘሮ ላዲ የተቃውሞ ሰነዱን ጨርሰው ነበር፤ ሳይፈርሙበት ግን ሞት ቀደማቸው። በተቀበሩ ማግስት፣ ረቡዕ፣ በገበያው መካከል ቀይ ቀለም የተቀቡ የቅየሳ ችካሎች ተተክለው ተገኝተዋል። ማን እንደተከላቸው በደብዳቤ ጠይቀናል፤ እስካሁን መልስ የለም።

በቀብሩ ላይ የገበያው ሴቶች ሰብሳቢ ማማ አሳቤ እጃችንን ይዘው «ልጆቼ፣ እንግዲህ ስለ እኛ ማን ይናገራል? እውነቱን ንገሩኝ፤ አታባብሉኝ» ብለውናል። እኛ ግን ተሰናብተናቸው ሄድን። ማኅበሩ በዚህ ያፍራል።

ያለ ክፍል ኃላፊ ፊርማ ሰነዱ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ተተኪም አልተሾመም። ምክትላቸው አቶ ባዋ ጊምባ ግን ሥራቸውን ሊያሳጣቸው እንደሚችል እየተነገራቸው ትናንት በራሳቸው ስም ፈርመው አስገብተዋል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ዳንላዲ፣ ለእናታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና ለመላው የቱንጋ ዛኪ ነዋሪ መጽናናትን እንመኛለን። ሐሙስ ጠዋት የማኅበሩ አባላት በሙሉ ከአቶ ባዋ ጋር በአዳራሹ እንገኛለን። ምን እንደሚወሰን አናውቅም። ፈርተናል፤ ሆኖም እንመጣለን።