መቀመጥ የተከለከለበት ምክር ቤት

ለክቡር ቶርሞድ፣
የምክር ቤታችን ታሪክ መጽሐፍ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ቶርስሃቭን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ፣ በተለይም ወገብዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ያን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ ለማዘጋጀት ሰው ብዙ መቀመጥ እንዳለበት ስለማውቅ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን የምጽፍልዎ ቆሜ ነው። ወረቀቱን ያስደገፍሁት ሥጋ ከምናደርቅበት ጎጆ አጠገብ ባለ በርሜል ክዳን ላይ ሲሆን፣ ነፋሱ ጠርዙን እየገለጠ ያስቸግረኛል። ቤት ገብቼ ወንበር ላይ ብጽፍ የሚከለክለኝ የለም። ነገር ግን የመንደራችን የሊትላቪክ ሰው ከቤቱ ውጭ የሚቀመጥበትን አንድ ቦታ በእርስዎ ፊርማ ካጣ ወዲህ፣ ስለዚሁ የሚቀርበው ቅሬታ ተቀምጦ ቢጻፍ ነውር መሰለኝ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ከቤተ ክርስቲያናችን በታች፣ ወደ ባሕሩ ፊቱን የሰጠ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከሥራ በኋላ የምንቀመጠው እዚያ ነው። ስሙ ቲንጉ ይባላል። ቲንግ በእኛ አነጋገር ጉባኤ ማለት ነው፤ በደሴቶቻችን ዋና ከተማ በቶርስሃቭን ያለው ትልቁ ምክር ቤታችንም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ድንጋዩ ስሙን ያገኘው ግን በፌዝ ነው። ሽማግሌዎቹ ሾርባቸው እቤት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ አንድ አውራ በግ ሲከራከሩ ያየ ሰው፣ «ቲንጉ ዛሬም ሳይወስን ተበተነ» አለ ይባላል። ስሙ በዚያው ጸና።

ባለፈው ፀደይ ከኮሚቴዎ ወይዘሪት ባርባ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት። የድንጋዩን ስም ስትጠይቅ ዓሣ ትሰቅል የነበረችው የሐኑስ ሚስት ሱኔቫ፣ «ይሄ? ይሄማ ቲንጉ ነው እኮ! ከጥንት ጀምሮ ሕግ የሚወጣው እዚሁ ነው፤ የኔም ባል ሲያረጅ እዚሁ ይሾማል፣ እስከዚያው ድንች ይልጣል» አለቻት። ሁላችንም ሳቅን። ወይዘሪት ባርባም እየሳቀች ጻፈች። በመጽሐፍዎ ውስጥ ግን ሳቁ ቀርቶ «ጥንታዊ የአካባቢ ጉባኤ ይካሄድበት የነበረ ድንጋይ» የሚለው ብቻ ታተመ። ከዚያ በበጋ፣ የቅዱስ ኦላቭ በዓል አልፎ ምክር ቤቱ በተከፈተ ማግስት፣ ከቢሮዎ የተላኩ ሁለት ሰዎች መጥተው ዙሪያውን የብረት ቋሚ ተከሉ፣ ሰንሰለት ዘረጉ፣ ሰሌዳም አቆሙ። ሰሌዳው «መቀመጥ ክልክል ነው» ይላል።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ታሪክ ውስጥ ስላስገቡን አመሰግናለሁ። ሳንጠየቅ ነው የገባነው፤ በሩንም ከኋላችን በሰንሰለት ስለዘጉልን ነፋስ አይገባብንም።

ሁለተኛ፣ መጽሐፍዎ ገና ሲጀምር፣ አባቶቻችን ቶርስሃቭን ወደብ ባለው በቲንጋነስ ራቁት ዐለት ላይ ከተሰበሰቡበት ዘመን አንሥቶ ምክር ቤታችን «ያለማቋረጥ» እንደኖረ ይናገራል። ክቡር ሆይ፣ በ1816 ተዘግቶ እስከ 1852 ድረስ እንዳልነበረ የእኛ የትምህርት ቤት ልጆች ያውቁታል። እርስዎም አልካዱትም፤ «አጭር ዕረፍት» ብለው አልፈውታል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያረፈን ሰው እኛ መንደር ቀብረነዋል። ምክር ቤቱ ሲመለስም የመምከር እንጂ የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። የቤታችንን ጉዳይ ራሳችን እንድንወስን የተፈቀደልን በ1948 ነው። ይህን የምጽፈው ምክር ቤታችንን ለማሳነስ አይደለም። ተዘግቶ ተመልሶ መነሣቱ ለእኔ ከአለመዘጋቱ ይበልጥብኛል፤ እርስዎ ግን ቁስሉን ሸፍነው ጌጡን ብቻ አሳዩን። ምክር ቤቱ በተዘጋባቸው በነዚያ ዓመታት ቅድመ አያቶቼ ድንጋያቸው ላይ መቀመጣቸውን አልተዉም ሲሉ ሰምቼ አድጌአለሁ። ከባሕር ማዶ ይገዛን የነበረው ንጉሥ ትልቁን ጉባኤ ሲዘጋ የእኛን ረስቶት ነበር። እርስዎ አልረሱንም።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ። የድንጋዩ ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ የጠየቀው ማንም ይሁን ማን፣ መመለስ አለበት። ሐኑስና ሶፉስ ወንድማማቾች ናቸው። እናታቸው በተወችላቸው የገደል ላይ ግጦሽ ተጣልተው፣ መንገድ ላይ ሲተላለፉ አይተያዩም። ጀልባቸው ግን አንድ ነው፤ በጎቻቸውም በአንድ ገደል ላይ ናቸው። ስለዚህ ማታ ማታ ከድንጋዩ ሁለት ጫፍ ይቀመጡ ነበር።

«ነገ ባሕሩ ያስወጣል?» ይላል ሐኑስ።

«እኔን ያስወጣል፤ አንተን እንጃ።»

«ገመዱን የት ጣልከው?»

«አንተ ካልወሰድከው ቦታው ነው።»

ፍቅር አይደለም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ጀልባው ይወጣ ነበር። በመከር በጎቹ ከገደሉ ሲሰበሰቡም አንዱ በገመድ ይወርዳል፣ ሌላው ከላይ ይይዛል፤ «ያዝ» እና «ልቀቅ» ለመባባል ደግሞ ሁለት ሰዎች መነጋገር አለባቸው። ሰንሰለቱ ከተዘረጋ ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ጀልባው ተገልብጦ ዳር ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ሶፉስ ገደል ላይ የቀረች በግ ሊያወጣ ገመዱን በተተከለ እንጨት ላይ አስሮ ብቻውን ወረደ። እንጨቱ ተነቀለ። ሶፉስ ከታች ባለ የዐለት እርከን ላይ ወድቆ ተረፈ፤ እግሩ ግን ተጎዳ። ሶፉስ ሊወርድ ሲሄድ ሐኑስን አይቼዋለሁ፤ ቦት ጫማውን አድርጎ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። «ምነው አብረኸው አትሄድም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አልጠራኝም» አለኝ።

ወደ ቢሮዎ ስደውል አንድ ወጣት፣ «አባባ፣ ድንጋዩ እኮ አሁን የሕዝብ ነው» አለኝ። ሕዝቡ የት ይቀመጥ ብዬ ብጠይቀው፣ «ማመልከቻ ያስገቡ፣ ኮሚቴው ሲቀመጥ ያየዋል» ብሎ መለሰልኝ። በአገራችን መቀመጥ የሚፈቀድለት አካል እንዳለ በመስማቴ ተጽናናሁ።

አራተኛውን የጻፍሁበትን ወረቀት ነፋሱ ባሕር ውስጥ ከተተው። ስለ ሰሌዳው ፊደል ነበር፤ ይቅር።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በጎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ሰንሰለቱን ያንሡልን። መጽሐፉ ውስጥ የፈለጉትን ይጻፉብን፤ ጥንታዊ ይበሉን፣ ቅርስ ይበሉን፣ ከፈለጉም ያረፍን ይበሉን። ብቻ እንቀመጥ። ምክር ቤት ማለት ለእኔ የተጣሉ ሰዎች መልስ ለመስጠት የሚገደዱበት ቦታ ነው፤ ይህን ከየትም ትምህርት ቤት አላገኘሁትም፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ ነው።

ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ለስላሳ ትራስ፣ ለወገብዎም ጽናት እየተመኘሁ፣ ቆሜ እጅ የምነሣዎ፣ ለመታጠፍ ዕድሜው ያለፈበት አገልጋይዎ፣

የታችኛው ቤቱ ሄይኒ
ሊትላቪክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ገና ሳላሽገው፣ ትናንት ሶፉስ በከዘራ እየተደገፈ መጥቶ ሰንሰለቱ ዘንድ ቆመ። ሊሻገረው እግሩን ማንሣት አልቻለም። ሐኑስ ከቤቱ ወጣ፤ ሰንሰለቱን በእጁ ከፍ አድርጎ ወንድሙን አሳለፈው። ድንጋዩ ለተጎዳ እግር ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሰሌዳዎን ነቅሎ አነጠፈለት። ዛፍ በማይበቅልበት አገር እንዲህ ያለ በደንብ የተላገ ሳንቃ ስለላኩልን ከልብ እናመሰግናለን። ሐኑስ፣ «ቀዘቀዘህ?» አለ። ሶፉስም ደንቡ ስለሚያስገድደው፣ «አይ፣ ሳንቃው ጥሩ ነው። ገመዱን ነገ አምጣው» ብሎ መለሰ። ሰንሰለቱ ገና እንዳለ ነው፤ መጥተው ይውሰዱት። ሰሌዳዎም አልጠፋም፣ ፊደሉ ወደ ላይ ሆኖ ተነጥፏል። ሶፉስ የተቀመጠው «ክልክል ነው» በሚለው ላይ ስለሆነ ግን፣ ከመንገድ ላይ የሚነበበው «መቀመጥ» የሚለው ብቻ ነው።