አያታችን ያጠቡት ስንዴ

ሄልትዌይት፣ ዮርክሻየር
የካቲት 9 ቀን 1874

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሲላስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ነፍሴ ሳትወጣ የምናዘዘው ኃጢአት አለብኝ። አደራ ብለህ የተውክልኝ የእሑድ ባርኔጣህ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። እኔ አላስገደድኳትም፤ ገለባ ሞልቼ በሩን ከፈት አደረግሁላት እንጂ የመረጠችው እሷ ናት። ፍርዱን ላንተ ትቻለሁ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጥርስህ ተወህ ወይስ ዛሬም ያስጮህሃል? በኒውዚላንድ አሁን በጋ ነው የሚሉትስ እውነት ነው? እኛ ደህና ነን። አባታችን እናታችንን ያማርራል፣ እናታችን እኔን ታማርራለች፣ አያታችን ሁላችንንም ያማርራሉ፤ ስለዚህ ቤቱ ሰላም ነው።

አሁን ደህና አድርገህ ተቀመጥ። አክስታችን ኬዝያ ተፈትታለች። ዛሬ ትገባለች።

በገና ዋዜማ በወተት በተቀቀለ ስንዴ ባሏን ዕዝራን መርዛ ገደለች ተብላ ዕድሜ ልክ ሲፈረድባት፣ አንተ «ለአይጥ ወጥመድ ስታጠምድ አይጧን ይቅርታ የምትለምን ሴት ናት» ብለህ ከአያታችን ጋር ተጣልተህ መርከብ ተሳፈርክ። ስንዴውን የቀቀለችው እሷ፣ ያልቀመሰችው እሷ፣ አርሴኒክ የሚባለው መርዝም በጎተራቸው ነበር። ያልቀመሰችውስ ዕዝራ ድስቱ ውስጥ ሮም የሚባለውን አረቄ ስለገለበጠበት ነው፤ እሷ ደግሞ መጠጥ ላትቀምስ በጸሎት ቤት ቃል ገብታለች። ዳኛው ግን «ለቃሏ ስትል የገናን ምግብ የተወች ሴት አይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። ከሁሉ የጎዳት የአያታችን ምስክርነት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው «ስንዴው ንጹሕ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው ማሉ። ስንዴው ንጹሕ ከሆነ መርዙን ከእሷ በቀር ማን ይጨምረዋል ተባለ።

ባለፈው ጥቅምት ዘሩን ዘርተን እንደጨረስን አያታችን የተረፈውን በሳህን ይዘው ኩሽና ገቡ። የኛ አገር ዘር አረማሞ የሚሉት የእህል በሽታ እንዳይመታው በአርሴኒክ ውሃ ተዘፍዝፎ እንደሚዘራ መቼም አትረሳውም።

«እንቺ፣ ለገና ይሁንሽ» አሏት እናታችንን።

«አባባ፣ ይኼ የዘሩ ነው እኮ።»

«ታጥቧል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ከፓምፑ ሥር ይዤው ቆየሁ። ያኔ ኬዝያ የቀቀለችውንም ከዕዝራ ጋር ያጠብነው እንዲሁ ነው። እህል መድፋት ነውር ነው።»

እናታችን ሳታይ ድመቷ ላይ ተቀመጠች። ድመቷ ጮኸች፤ እናታችን ግን አልተነሳችም።

እኔ ቀስ ብዬ «አያቴ፣ ፍርድ ቤት ንጹሕ ነው ሲሉ፣ ከምን የጸዳ ማለትዎ ነበር?» አልኳቸው።

«ከመርዙ ነዋ። ታጥቦ የለ?»

«ይህን ለዳኛው ነገሩት?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሲላስ፣ ያ ሁሉ ነጭ ዊግ የደፋ ጠበቃ ሲንጎራደድ ውሎ፣ ከምን ብሎ የጠየቀ አንድ አልነበረም።

አያታችን ደግሞ ተሳስቻለሁ የሚል ቃል ሲፈጠሩም አልተሰጣቸውም። ውሃ የማያጠራው ነገር የለም ብለው ተሟገቱ፤ አልፈውም ከስንዴው ጭብጥ አንስተው ሊቅሙ ሆነ። እጃቸውን ያዝኩና «ቆይ እንጂ፣ ጳጳሱ ይቅደም» አልኩ። ጳጳሱ፣ በአረማመዱ ይህን ስም ያገኘው፣ ከልጅ ልጆቻቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አውራ ዶሯቸው ነው። «ወይስ ይፈራሉ?»

«ማን፣ እኔ? አንቺ ምላሰኛ» አሉና ወጥተው በተኑለት።

ሻይ ሳይቀርብ ጳጳሱ እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተገኘ። ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የአያታችንን ፊት ሳይ ግን ተውኩት። አጠገቡ ተንበረከኩ። «ልጅቷን ያሳሰርኳት እኔ ነኝ» አሉ። ዶሮውን በብብታቸው፣ የተረፈውን ስንዴ በኪሳቸው አድርገው፣ እህል ሳይቀምሱ ወደ ዳኛው ቤት ሄዱ። የዳኛው ጸሐፊ ከበር ላይ «ዶሮ አንገዛም» ብሏቸው ነበር። ይሂዱ ቢባሉ ግን እምቢ አሉ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አልነሳም ስላሉ በመጨረሻ አስገቧቸው።

የሊድስ ኬሚስት የታጠበውን ስንዴ መርምሮ መርዙ ፍሬው ውስጥ ድረስ ሰርጎ አገኘው። ጉዳዩ ለንደን ሄደ። ባለፈው ሳምንት መልስ መጣ፤ ምሕረት ተደርጎላታል ይላል። ላልሠራችው ነገር ይቅር አሏት ማለት ነው። አያታችን ይህን ሲሰሙ «ምሕረቱስ ለኔ ነበር የሚያስፈልገው» አሉ። ላንተም «ልክ ነበርክ ብለሽ ጻፊለት፤ ስትጽፊ ግን ጮክ ብለሽ አታንብቢው» ብለውኛል።

ችግሩ ይቅር በይኝ ማለት አያውቁበትም። ከጠዋት ጀምሮ ለፈረሱ ሲለማመዱ ሰማኋቸው። ፈረሱም ቢሆን ጀርባውን ነው የሰጣቸው። አሁን በጋሪ ሊቀበሏት ባቡር ጣቢያ ሄደዋል። ከእስር ቤት አንዲት ቃል አልላከችልንም። ዓይናችሁን አያሳየኝ ብላ በዚያው ባቡር ብታልፍስ? እናታችን ይህን እያሰበች የታጠበውን ወለል ደግማ ታጥባለች። እኔ ምድጃውን እንዳጸዳ ታዝዤ ይኸው ከጋጣው በላይ ባለው የድርቆሽ ቆጥ ላይ ተኝቼ እጽፍልሃለሁ።

እናታችን ሹራብህን ሳታወልቅ ተኛ ብላለች። አባታችን ሰላም ብሎሃል፤ በጎች እንዴት እንደሚሸለቱም ሊያስተምርህ ፈልጎ ነበር፣ ወረቀት አይበቃም አልኩት። ትንሹ አሞጽ በግ ላክልኝ ይላል። አያታችን እጅህን ጨብጠዋል፤ እንዲህ በይ አላሉኝም፣ እኔ ግን...

ጋሪው መጣ። ከታች አያታችን አንድ ነገር ጀምረው አቋረጡ፤ እንደገና ጀመሩ። አሁን ሴት ሳቀች። እናታችን አይደለችም።

መሰላሉ ይንቋቋል። እናታችን ብትሆን ከታች ትጮኽብኛለች እንጂ አትወጣም።

«ጣቢታ። አንቺ ጣቢታ፣ ውረጂ እንጂ። እኔ ከሌለሁ እዚህ ቤት ምድጃ የሚጠርግ የለም?»