ሦስቴ የተንኳኳ ግድግዳ

ለምወድሽ እህቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የስካርቦሮ የባሕር ነፋስ ዘንድሮም አስቸግሮሽ ከሆነ ያን ወፍራም የሱፍ ሹራብ ከሣጥን አውጥተሽ ልበሺው፤ ለብል አታስቀምጪው። ባለቤትሽስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ልጄ ክላይቭ ካረፈ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እነዚህን ሁለቱን ስለሆነ፣ አንቺም እንዳታስቢ አስቀድሜ ነገርኩሽ።

ባለፈው ደውለሽ «የግድግዳው ጠብ ከምን ደረሰ?» ስትይኝ አሳጥሬ የዘጋሁብሽ ተቀይሜሽ አይደለም። በስልክ ልናገረው የማልችለው ነገር ነበር። እጄ ለጽሕፈት እንደማይፈጥን ታውቂያለሽ፤ ይህንንም ከእሑድ ጀምሬ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነው የምጽፈው።

ከጎኔ ያለውን የሚስስ አክሮይድን ቤት የገዛችው ልጅ፣ ሮዊና፣ ከደቡብ እንደመጣች ነግሬሻለሁ። ያደገችው ከማንም ቤት ጋር በማይነካካ፣ ዙሪያውን አትክልት በከበበው ቤት ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም። በጋው ሊያልቅ ሲል በደብዳቤ ማስገቢያዬ ወረቀት ሰደደችልኝ። አባቷን ወደዚህ ልታመጣው ነው። እግሩ ደረጃ አይወጣለትም፤ ስለዚህ ከኋላ በኩል፣ ወደ ጓሮው፣ መኝታ ክፍል ልትቀጥል አስባለች። ለዚህ በሁለታችን ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ተፈልፍሎ አግዳሚ ብረት ይገባበታል፤ በወሰናችንም ሥር መሠረት ይቆፈራል። ግድግዳው የጋራ ስለሆነ ሕጉ መጀመሪያ ፈቃዴን ጠይቂያት ይላታል።

ብረቱ የሚገባው የት መሰለሽ? ልክ የክላይቭ ራስጌ ላይ። ልቡ ደክሞ ደረጃውን ከተወ ጀምሮ የኋለኛውን ክፍል መኝታ እንዳደረግንለት ታውቂያለሽ። አልጋውን አልነካሁትም። ምርኩዙ ጥግ ላይ እንደቆመ ነው። በጭንቅላቱ የተደገፈበት ቦታ ላይ የግድግዳው ወረቀት ጠቁሯል፤ እሱንም አልወለወልኩትም። አሁን ብረቱ ሲገባ በእኔ በኩል ያለው ልስን ይረግፋል፣ ወረቀቱም ይላጣል ተባልኩ። «አልስማማም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወረቀቷን በራሷ ደብዳቤ ማስገቢያ መልሼ አስገባሁላት። በሯን አላንኳኳሁም። በአንድ ጡብ ተለያይተን እየኖርን በፖስታ መነጋገር ጀመርን ማለት ነው።

ደግሞ ያ ግድግዳ ለእኔ ምን እንደሆነ ለአንቺ አይነገርሽም። እናታችን የከሰል መቆስቆሻውን አንሥታ የምድጃውን ጀርባ ሦስቴ ስትመታ ጎረቤታችን እጇ ሊጥ እንደሆነ ትሮጥ ነበር። አንቺ የተወለድሽ ዕለት አባባ ፋብሪካ ነበር፤ ሰው የተጠራልን በዚያ ነው። ሦስቴ ማለት ድረሱልኝ ማለት ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ለክላይቭ ከልጅነቱ አስተማርኩት። ሚስስ አክሮይድም እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም። ገበያ ስወጣ ልቤ ያርፍ የነበረው ለዚህ ነው። ለአዲስ ጎረቤት ደግሞ ይህን ማን ያስረዳል? በር እንዴት እንደሚከፈት እንደማስረዳት ነው።

መስከረምን እንዲህ ስንፋጠጥ ከረምን። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ በጓሮው አጥር ላይ ብቅ አለችና፣

«ሚስስ ሃርግሪቭ፣ እኔ እኮ ዳንስ ቤት አይደለም የምሠራው። የአንድ ሽማግሌ አልጋ ነው» አለችኝ።

«አልጋውን ማን ከለከለሽ? ግድግዳዬን አትንኪ ነው ያልኩሽ» አልኳት።

«ግማሹ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ብረቱን በግማሽሽ ላይ አንጠልጥይው።»

ከማዶ ያለችው ብሬንዳ በመስኮቷ ሆና ሳቀች። ሮዊና ፊቷ ቀልቶ ገባች። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ደስታዬ ያ ነበር።

ሁለት ጎረቤት ካልተስማማ ለሁለቱም የማያዳላ ባለሙያ ይሾማል፤ እሱ የወሰነው ይጸናል። ለእኛ የመጣው ሚስተር ፔልሃም የሚባል ሰው ነው፤ ረጅም ነው፣ ጫማው ከፊቱ የበለጠ ያበራል። ሥራው ሳይጀመር ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ፎቶ አነሣ፤ ኋላ አንዳችን በሌላችን እንዳናሳብብ ነው። የክላይቭን ክፍል በራፍ ላይ ቆሜ አየሁት። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ባትሪውን ግድግዳው ላይ አበራ።

«እነዚህ ጎድጓዶች ከምን መጡ?» አለኝ።

ቀርቤ አየሁ። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክሉ፣ የተጠጋጉ፣ ወረቀቱን የሰነጠቁ። አልጋው ላይ የተኛ ሰው እጁ በሚደርስበት ከፍታ ላይ።

«እንጃ፣ የአልጋው ራስጌ እየገፋው ይሆናል» አልኩት።

«አልጋ እንዲህ አይወጋም። ዱላ ነገር ይመስላል» አለና፣ «ምክንያቱ ያልታወቀ ልበለው?» ሲለኝ፣ በለው አልኩት። ሌላ ምንም አላሰብኩም። እህቴ፣ በእውነት አላሰብኩም።

ከዚያ ከመወሰኑ በፊት አንዴ እንነጋገር ብሎ ሮዊና ቤት ሰበሰበን። አባቷ፣ ሚስተር ግሪንዉድ፣ ቤቱን ሊያይ መጥቶ ነበር። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ብራድፎርድ፣ እንደኛው ከተያያዙት ቤቶች በአንዱ ነው፤ ልጁ ሳትወለድ ነው ለሥራ ወደ ደቡብ የወረደው። ንግግሩ ግን አልተለወጠም። ሻይ ቀረበ፣ የዘቢብ ኬክም ተቆረሰ። ሽማግሌው እንደ አገራችን ሰው ሁሉ ኬክ ያለ አይብ አይበላምና ሳህኑን አይቶ፣

«አይቡስ?» አላት።

«የምን አይብ?» አለች ሮዊና።

«ያለ አይብ ኬክ የምታቀርብልኝ የገዛ ልጄ ናት» አለኝ። «ልጁን ደቡብ ያሳደገ ሰው ቅጣቱ ይኸው ነው። እርስዎ ነዎት ጠበኛዋ ጎረቤት?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ጥሩ። ዝምተኛ ጎረቤት አልወድም፤ ይሙት ይኑር አይታወቅም።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ልቤም መላላት ጀምሮ ነበር። ክፍሉ ሳይነካ ብረቱን ትንሽ ወደ ጓሮው ገፋ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሚስተር ፔልሃምን ልጠይቀው አፌን ስከፍት ሮዊና ቀደመችኝ። ለአባቷ ነው የተናገረችው፤ እኔ እንድሰማ ግን ነው።

«እኔ ለጎረቤት የማላስብ ሰው አይደለሁም፣ አባዬ። ያ በረዶ የጣለ ሰሞን ይህን ልስን ሳስነሣ ክላይቭ ግድግዳውን አንኳኳ። ጫጫታው እንዳስቸገረው ገባኝ። ወዲያው መብሻውን አስጠፋሁ። ሠራተኛውን ሸኘሁት፣ ሬዲዮውንም ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ በእግር ጣቴ ነው የሄድኩት።» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ያረፈው ያን ዕለት ነው። ቢያንስ በጸጥታ አረፈ እላለሁ ሁልጊዜ። ይህን ያህል እንኳ አድርጌለታለሁ።»

ሽማግሌው ስኒውን አስቀመጠ።

«ስንቴ ነው ያንኳኳው?» አላት።

«እንዴት?»

«ስንቴ አንኳኳ ነው ያልኩሽ።»

«ሦስቴ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ሦስቴ። ጨዋ ሰው ነበር፤ እንደ ሌላው አይደበድብም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። እኔም አየሁት። ሚስተር ፔልሃም ኬኩን ያኝካል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ሮዊና አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች።

«ምን ሆናችሁ? ኬኩ ተበላሽቷል?» አለች።

እህቴ፣ አፌ ውስጥ የነበረው አንድ ቃል ነው። እሱን ብተነፍስ ይበቃት ነበር። ለጠቡ ሁሉ፣ ግማሹ የኔ ነው ላለችኝም ይበቃት ነበር። እሷን አየኋት። ከክላይቭ ታንሳለች። ፀጉሯ ላይ የልስን አቧራ አለ፤ ለአባቷ አልጋ ስትለፋ የነካት ነው። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት እንዴት ትተኛለች?

«ኬኩ ደህና ነው። አይብ ብቻ ነው የጎደለው» አልኩ። ከዚያ ወደ ሚስተር ፔልሃም ዞሬ፣ «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አልኩት።

ኬኩ ትን ሊለው ነበር። ብዕሩን ሲያቀብለኝ፣ «ስለ ጎድጓዶቹ ያስታወሱት ነገር ካለ ጽሑፉን ላስተካክለው» አለኝ።

«የለም። ያልታወቀ እንዳልከው ተወው።»

አንድ ነገር ብቻ አስጻፍኩ። የአባቷ አልጋ ራስጌው በጋራው ግድግዳ ላይ ይሁን አልኩ። ሮዊና ማሞቂያው ያለው በወዲያ በኩል ነው፣ ይበርደዋል ብላ ልትከራከር ስትል፣ አባቷ «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ዘጋው።

ተቀመጥ ብለው እምቢ ብሎ በምርኩዙ እየተጎተተ እስከ በር ሸኘኝ። በሩን ከኋላው ገጠም አደረገና፣

«አላስተማርኳትም» አለኝ። «እዚያ ለብቻው በቆመ ቤት ምን ያደርግላታል ብዬ።»

«እኔም አልነገርኳትም» አልኩት።

ቤቴ ገብቼ የክላይቭን ምርኩዝ ከጥጉ አነሣሁና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት መድኃኒቱን ይዤ ስመለስ ምርኩዙን ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር ያገኘሁት። ተንሸራቶ ነው ብዬ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ሥራው ተጀመረ። ልስኑ ረግፎ ጡቡ ወጥቷል፤ ጎድጓዶቹም አብረው ሄዱ። ወረቀቱን ግን ሠራተኞቹ ሳይደርሱ እኔው በእጄ ላጥኩት። ጭንቅላቱ የነካውን ቁራጭ አስቀርቻለሁ፤ ስትመጪ አሳይሻለሁ። ሮዊና በየቀኑ ሾርባ ታመጣልኛለች። ጨው ታበዛለች፤ እጠጣዋለሁ።

ሽማግሌው ክፍሉ እስኪያልቅ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ሶፋውን ራሱ ወደ ግድግዳው አስጠግቷል። ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ልጨርስ ስቀመጥ ተንኳኳ። ሦስቴ። በቤት ጫማዬ፣ ካፖርት እንኳ ሳልደርብ ሮጥኩ። በሩ ክፍት ነበር። ሶፋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ምንም አልሆነም።

«ይሰማ እንደሆን ልይ ብዬ ነው» አለኝ።

«ይሰማል» አልኩት። «ቁልጭ ብሎ ይሰማል።»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሻይ አፍልቼለት ተመለስኩ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ለገና ለጎረቤቶቼ ካርድ ትልኪላቸው የለ? ዘንድሮ ለሮዊናም ላኪላት፤ ጥቂት ሞቅ ያለ ቃል ጻፊበት። ስለ ክላይቭ የሚጠይቅሽ ሰው ካለም በእንቅልፉ ነው ያረፈው በይ። ሐኪሙ የነገረን እሱን ነው፤ እኛም ስንል የኖርነው እሱን ነው።

አምላክ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ የባለቤትሽን ደረት ይማርልሽ። ቤትሽ ሰው አይጣበት፤ ብትጣሪ የሚሰማሽን አያሳጣሽ።

የምትወድሽ እህትሽ፣
የክላይቭ እናት