ልጄን በጭብጨባ ስላስተዋወቃችሁልኝ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ባልደረቦችዎን በሙሉ ጤንነት፣ በማይዘጋ ድምፅና በማያልቅ ጠመኔ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ፤ ሥራዬ ቆዳ ማልፋት ነው። ጉዳዩን በአደባባይ በመጻፌ እንዳይቀየሙኝ፤ የቤቴን ነገር ሰው ፊት ማውጣት የጀመሩት እርስዎ ስለሆኑ፣ እኔ መንገድዎን መከተሌ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር የልጄን ካርድ ልቀበል መጥቼ ቢሮዎ በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ በስልክ «እኛ ግቢ ውስጥ ማንም ልጅ የማን ልጅ ነህ ተብሎ አይጠየቅም» ሲሉ ሰማሁ። እውነት ብለዋል። ልጄ አልተጠየቀችም፤ መምህሯ ራሳቸው ተናገሩላት እንጂ። ስለዚህም የሚከተሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. መመዝገቢያው ቅጽ ላይ «የወላጅ ሥራ» የሚል መስመር ነበር። ባለቤቴ «ነጋዴ በልና እለፈው፣ ምን አስጨነቀህ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ግርጌው ላይ «መረጃው በምስጢር ይያዛል» የሚለውን አነበብኩና፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ የሚያምን ሰው ስለሆንኩ፣ እውነቱን ጻፍኩ። ምስጢሩ በሚገባ ተይዟል፤ የሥነ ምግባር መምህሯ ይዘውት ክፍል ገቡ።

፪. የዕለቱ ትምህርት «ሰውን በዘሩና በቤተሰቡ ሥራ አንናቅ» የሚል ነበር። መምህሯ፣ ትምህርት ያለ መርጃ መሣሪያ አይገባም ብለው ስለሚያምኑ፣ ልጄን ከሦስተኛው ረድፍ አስነሥተው ሰሌዳው ፊት አቆሟት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ አጥንት ሲማሩ የፕላስቲኩ አጽም የቆመው እዚያው ቦታ ነበር አሉ። ቀጥለውም አላዋቂዎች እንደኛ ያለውን ቤተሰብ ምን እያሉ እንደሚሰድቡ፣ ለምን አብረውት እንደማይበሉ፣ ለምን ልጃቸውን እንደማይድሩለት አንድ በአንድ ዘርዝረው ጻፉ፤ ተማሪዎቹም በደብተራቸው ገለበጡ። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ከልጆቹ አንዱ እንኳ እነዚህን ቃላት አያውቅም ነበር። ልጄም አታውቅም ነበር። እኔና እናቷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጆሮዋ ያራቅነው ነገር በአርባ ደቂቃ ተሟልቶ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ቀረበላት። ማታ ደብተሯን ስፈትሽ ከሁሉም ቃል ሥር በቀይ አስምራለች፤ ለፈተና ይመጣል ተብለዋል።

፫. በማጠቃለያው ተጨበጨበላት። ከዚያም ሠላሳ ዘጠኙ የክፍል ጓደኞቿ ተሰልፈው «አንቺም እንደኛ ሰው ነሽ» እያሉ በየተራ ጨበጧት። በዚህ ነገር የሚጠራጠር ሰው መኖሩን ልጄ ከዚያ በፊት አልሰማችም ነበር፤ ቢሆንም ማረጋገጫ በዛ ተብሎ አይመለስም። የእረፍት ደወል ሲደወል ያው ሰልፍ ግቢው ቧንቧ ጋ እንደገና ተሠራ። እጅ ስለ መታጠብ የሰጣችሁት ትምህርትም እንዲህ መስረጹን ስሰማ ኮርቻለሁ።

፬. የወንበር ጓደኛዋ በማግስቱ «እማዬ ቦታ ቀይሪ ብላኝ ነው፣ እኔ እኮ አልጠላሽም» ብላ ደብተሯን ሰብስባ ሄደች። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከትልቅ ሰውም አይገኝ።

ይህን ሁሉ ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና «ኧረ ወንድሜ፣ እንድትኮራ ብለን እኮ ነው» አሉኝ። ጉዳዩን በቀላሉ እንዳላዩትም ተረዳሁ፤ ትምህርቱ በመጪው ሐሙስ፣ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች በተገኙበት እንደሚደገም፣ ልጄም ስለ ራሷ ግጥም እንደምታነብ ነገሩኝ። ለእሷም ነገርኳት። ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ «አባዬ፣ ሐሙስ ብታመምስ?» አለችኝ።

የተከበሩ ርእሰ መምህር፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለአፍታ ላቁም። ልጄ በሥራዬ እንድታፍር አልፈልግም፤ ትምህርቱም ይቅር አላልኩም። የሚሰድብ ልጅ ሲገኝ እሱ ይነሣ፣ እሱ ይጠየቅ። ያልሰደቡትን በአንድ ወንበር አስቀምጡልንና ተዉልን። ሐሙስ ልጄን አታስነሡብኝ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

ለደከማችሁበት ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ለመጨበጥ ግን፣ ቧንቧው ሩቅ እንዳይሆንብዎ በማሰብ፣ አልደፍርም።

የልጁ ሰው መሆን በሠላሳ ዘጠኝ ምስክሮች የተረጋገጠለት፣
አክባሪዎ ቆዳ አልፊ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ሰኞ ዕለት ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረች አንዲት ልጅ ከልጄ አጠገብ ተቀምጣለች። አንድ ማስመሪያ ይጋራሉ፤ ትናንት በር ላይ ስጠብቃቸው አንድ ብስኩት ለሁለት ገምሰው እየበሉ ወጡ። ትምህርቱን ገና አልተማረችም።